አላየሁትም ያልኩት ደብተር

አምቦ ላይ «ኢንጂነር» ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ የሚመራችሁ ሰው አታጡም። ኢንጂነር ግን አይደለሁም። የተማርኩት የኮምፒውተር ጥገና ነው፤ ሥራዬም በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ የተበላሸ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ስሙን ያወጡልኝ ፕሪንተር እምቢ ያላቸው ጸሐፊዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ «ኧረ አይደለሁም» እል ነበር። ቆይቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሰው በስሜ ብቻ ሲጠራኝ ቅር ይለኝ ጀመር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚሁ ስለመጣ ነው።

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ለባለቤቴ ግማሹን ነግሬያታለሁ፤ የነገርኳት ግማሽ እኔ ደህና ሰው የምመስልበትን ነው። ሌላው ግማሽ እነሆ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የመምህራን የቼዝ ውድድር አምቦ ተዘጋጀ። ከጎጆ፣ ከእጃጂ፣ ከእንጭኒና ከአምቦ የተመረጡ አሥራ ስድስት መምህራን ቅዳሜና እሑድ ይጫወታሉ፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ወደ ክልል ውድድር ይሄዳሉ። እኔ ቼዝ እወዳለሁ፤ ጎበዝ ነኝ ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ስልኬ ላይ ቼዝ የሚያሰላ ፕሮግራም ስለነበረኝና ደንቡንም አንብቤ ስለነበር ዳኛ አደረጉኝ። አንገቴ ላይ ባጅ አንጠለጠሉልኝ፤ ማይክም ሰጡኝ። የዚያን ጊዜ ለነበርኩት ሰው ማይክ መስጠት ደግ አልነበረም።

ኦቦ ድንቃን ያወቅኳቸው ያን ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጎጆ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። ውድድሩ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን ብቻ ስለሆነ ይሄ የመጨረሻቸው ነበር። ሲመዘገቡ የውድድሩ አስተባባሪ ወይዘሮ ጫልቱ፣

«ኦቦ ድንቃ፣ ዘንድሮስ ክልል እንገባ ይሆን?» አለቻቸው።

«ሦስት ጊዜ ተወዳድሬ ሦስቴም አምስተኛ ነው የወጣሁት» አሉ እየሳቁ። «ዘንድሮ እንኳ አራተኛ ብሆን ይበቃኛል፤ አንደኝነቱን ለወጣቶቹ ትቼዋለሁ።»

ጎጆን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ከሌሊቱ አውቶቡስ የወረዱት በወፍራም ሹራብ ላይ ኮት ደርበው፣ ሻርፕ ጠምጥመው ነው። ኮታቸውን አዳራሹ በር ላይ ካለው መስቀያ ላይ ሰቀሉና ገቡ። ሁለቱን የጠዋት ጨዋታዎች አሸነፉ። ሦስተኛውን ካሸነፉ አራቱ ውስጥ መግባታቸው የማይቀር ሆነ።

ሦስተኛው ዙር አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የደረሳቸው በቀለ ነበር፤ የአምቦ ልጅ፣ የስፖርት መምህር፣ የእኔም ጓደኛ። ጨዋታው መሀል ላይ ኦቦ ድንቃ ተነሥተው ወጡ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ተመለሱና ተቀመጡ፤ ወዲያው ሳያስቡ፣ እጃቸው እንኳ ሳያመነታ፣ ግንባቸውን አንሥተው የበቀለ ወታደር በነጻ ሊበላው የሚችልበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ለማታውቁት፣ ግንብ ከንግሥቲቱ ቀጥሎ ትልቁ ኃይል ነው፤ ሰው ዝም ብሎ አይሰጠውም። ቆመው የሚያዩት ሰዎች ተንሾካሾኩ።

በቀለ ሃያ ደቂቃ አሰበ። በላው። ከስምንት እርምጃ በኋላ እጁን ዘርግቶ ተሸነፈ።

«ኦቦ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አላቸው ራሱን እየነቀነቀ።

«የጎጆ ክረምት ረጅም ነው» አሉት።

በቀለ ሳቀ። እኔ ግን ጥግ ይዤ ቦታውን ስልኬ ላይ እየደረደርኩ ነበር። ፕሮግራሙ በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልሱን አወጣ፦ የመጀመሪያው ምርጫ ያው ግንቡን መሠዋት ነበር፤ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ፕላስ አራት ይላል። ቁጥሩ ፕላስ ሲሆን ነጩ፣ ማይነስ ሲሆን ጥቁሩ ይሻላል ማለት ነው። ነጭ የያዙት ኦቦ ድንቃ ናቸው፤ አራት ደግሞ ያለቀለት ነገር ነው። ደሜ ሞቀ። ሰውዬው ወጡ፣ ተመለሱ፣ ሳያስቡ ማሽኑ የመረጠውን ተጫወቱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ወይዘሮ ጫልቱን ጠራኋት።

«ማሽን ነው» አልኳት።

«የምን ማሽን?»

«ውጭ ወጥተው ስልክ አይተው ነው። ይኸው የኔም ስልክ ያንኑ ነው ያለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መቶ በመቶ።»

ስልኬን አየችው፤ ምንም አልገባትም። «ትልቅ ሰው ናቸው እኮ። ለብቻቸው ጠርተህ ቀስ ብለህ ጠይቃቸው፣ ማሎ፣ እባክህ» አለችኝ።

ምክሯ ትክክል ነበር። እኔ ግን ማይክ ነበረኝ። «ለጊዜው ጨዋታ ይቁም» አልኩ። ኦቦ ድንቃን ወደ ፊት ጠርቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በደንቡ መሠረት ፍተሻ እንደማደርግ ነገርኳቸው። እጆቻቸውን ከፍ አደረጉልኝ። የሸሚዛቸውንና የሱሪያቸውን ኪስ ዳበስኩ፤ መነጽርና መሀረብ። ከዚያ ኮታቸውን ከመስቀያው አስመጣሁ። ከውስጡ በፌስታል የተጠቀለለች፣ የተዘጋች ባለቁልፍ ስልክ ወጣች። ያቺ ስልክ ቼዝ ልታሰላ ቀርቶ ሰዓት ማሳየቷም ያጠራጥራል። ሌላ ደግሞ ለሁለት የታጠፈ፣ ቼዝ የተሣለበት የተማሪ ደብተር።

እዚህ ላይ መቆም ነበረብኝ። ስልኩ ንጹሕ ነው። እኔ ግን አንዴ በማይክ ተናግሬያለሁ። ደብተሩን ከፍ አድርጌ፣ «ማስታወሻ ይዞ ወደ ውድድር መግባት ክልክል ነው!» አልኩ።

ደንቡን ስላነበብኩት አውቀዋለሁ፤ ክልክሉ እየተጫወቱ ደብተር ማየት ነው። ቤት አስቦ መምጣትማ የጨዋታው ወግ ነው።

«ኮቱ እኮ በር ላይ ነው የተሰቀለው» አሉ ኦቦ ድንቃ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው። «እስቲ አንዴ ቁጭ በል። ቦታውን ልደርድርልህና ላስረዳህ።»

እኔም በማይክ፣ «ማሽኑ አስረድቶኛል» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ በዚያች ቅጽበት በጣም ደስ እንዳለኝ ብደብቃችሁ ይህን መጻፌ ትርጉም የለውም።

ውጤታቸው ተሰረዘ፤ ከውድድሩም ወጡ። ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። የግቢው ጥበቃ ሮጥ ብሎ ደረሰባቸውና፣ «ኦቦ፣ ሹራብዎ! ቅድም ሙቀቱ ሲያስቸግርዎ አውልቀው የሰጡኝ» ብሎ ሹራባቸውን ዘረጋላቸው። ተቀብለው ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። መሀል ላይ የወጡት ለዚህ ነበር። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ነበርና ምሳ በላሁ።

ደብተሩን በማስረጃነት ይዤው ቀርቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቅዳሜው ጨዋታ ሲያበቃ ወይዘሮ ጫልቱ የጽሑፍ ሪፖርት እንዳዘጋጅ ነገረችኝ። ሪፖርቱ ጠንከር እንዲልልኝ ብዬ ቢሮዬ ሄጄ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት የተለያዩ የቼዝ ፕሮግራሞች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ከስልኬ እጅግ የበረቱ ናቸው። አንደኛው በሰከንድ ብዙ ሺህ እርምጃ እየቆጠረ ይቆፍራል። ሁለተኛው ጥቂት ነው የሚቆጥረው፤ ይልቅ የቦታውን መልክ ነው የሚመዝነው። ሦስቱም ማሽኖች «አዎ፣ ይሄ የማሽን እርምጃ ነው» ቢሉልኝ ማን ይከራከረኛል?

የቆፋሪው ፕሮግራም ቁጥር ፕላስ ሦስት ብሎ ጀመረ። ጥሩ። አሥር ደቂቃ ሲሆን ወደ ፕላስ አንድ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ላይ ዜሮ ሆነ። ላፕቶፑ ሞቆ ማራገቢያው ይጮኻል። አርባ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ ዘሎ ማይነስ ሦስት ገባ። የግንቡ መሥዋዕት ይሸነፋል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው አንሥቶ አልወደደውም፤ ማይነስ አንድ ብሎ ጀምሮ ወደዚያው ይወርዳል።

የተበላሸ መሰለኝ። አጥፍቼ እንደገና አስነሣሁት፤ ያው ነው። ሁለቱም ለጥቁር የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ ግንቡን አትብላ፤ ንጉሥህን አንድ እርምጃ ወደ ጥግ አድርገው። ይኸው ነው። ንጉሡ ጥግ ከገባ በኋላ ነጩ ምንም የሚያመጣው ነገር የለም፤ ግንቡም እዚያው እንደቆመ ይጠፋል።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኦቦ ድንቃ ጠንካራ ማሽን ደብቀው ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ይህን አትጫወት ይላቸው ነበር። ከሦስቱ ውስጥ እሺ ያለው የኔ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም አምስት ሰከንድ ብቻ ስላሰበ ነው። የኔን ደካማ ስልክ የሚመስል ነገር ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ደብተሩን የገለጥኩት። በማስመሪያ የተሠመሩ የቼዝ ሰሌዳዎች፣ በእርሳስ፣ ገጽ በገጽ። ሽፋኑ ላይ «ለቼዝ ክበብ» ይላል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ያ ቦታ ቁጭ ብሏል፤ ግንቡ፣ ወታደሩ፣ ንጉሡ፣ አንድም ሳይጎድል። ከሥሩ በጥሩ የመምህር ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ነጭ ግንቡን ይሠዋል። ጥቁር ከበላ በስምንት ይሸነፋል። ጥቁር ሳይበላ ንጉሡን ጥግ ካስገባ ግን የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ሰው ግንብ አይቶ አያልፍም።»

ማሽኑ አርባ ሁለት ደቂቃ የፈጀበትን መልስ ሰውዬው በእርሳስ ጽፈውት ነበር። ሳያስቡ የተጫወቱት አስቀድመው ስላሰቡት ነው። በቀለን ያሸነፉት በቀለን አውቀው ነው። «ላስረዳህ» ያሉኝም ይህንኑ ነበር።

የጨዋታ ድልድል የታተመበት ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ዓምድ ሠራሁ፤ የስልኬን፣ የአንደኛውን፣ የሁለተኛውን፤ የፈጀባቸውን ጊዜና ያወጡትን ቁጥር ጻፍኩ። ከታች «ሰውዬው አልዋሹም» ብዬ አሠመርኩበት። ሪፖርቱን ከዚያ እየገለበጥኩ ልጽፈው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልጽፈው ነበር።

ስልኬ ጮኸ፤ ወይዘሮ ጫልቱ ናት። «አዲስ ነገር ካለ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አራተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ንገረኝ። ከዚያ በኋላ ድልድሉ አይነካም። የተጻፈው ተጻፈ።»

«ምንም አዲስ ነገር የለም» አልኳት።

እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ወጣ። ነገ በዚያ ማይክ «ተሳስቼ ነው» ስል፣ የዛሬው ሳቅ ወደ እኔ ሲዞር፣ «ኢንጂነር ተብዬው» ሲሉኝ ታየኝ። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ኦቦ ድንቃ አዳራሹ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሹራባቸውን ለብሰዋል። ዘመድ ቤት አድረው ነው የመጡት።

«ደብተሬን ፈልጌ ነው» አሉኝ። «ለክበቡ የማስተምርበት ነው።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወዲያው አልሄዱም። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣

«አየኸው?» አሉኝ።

ገና አንድ ሰዓት ነበረኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«አላየሁትም» አልኩ። «ጊዜ አልነበረኝም።»

ዓይኔን ትንሽ አዩኝ። «ሀ ተኡ» አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ቀስ እያሉ ሄዱ። ሦስት ሰዓት ላይ አራተኛውን ዙር በማይክ አስጀመርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልተንቀጠቀጠም። በቀለ አራተኛ ወጥቶ ክልል ሄደ።

ከዚያ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ጎጆ ሄድኩ ብዬ ብጨርሰው ያምር ነበር። አልሄድኩም። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቴ እዚያው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር እንድጠግን ላከኝ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው ሁለት ቦታ ተይዞ ተገፍቷል፤ እኔ ስገፋ የምጸልየው ኦቦ ድንቃ ዛሬ ክፍል እንዳይኖራቸው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ማንነቴን አላወቀም። ኮምፒውተሮቹ ያሉበትን ክፍል ሲከፍትልኝ ቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ የጠጡ የቼዝ ሰሌዳዎች አየሁ።

«ቼዝ ትጫወታላችሁ?» አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

«ክበብ ነበረን፤ ቆመ» አለኝ። «የሚያስተምሩት መምህር አምቦ ላይ በማጭበርበር ተባረሩ ተባለ። እኔ አላመንኩም፤ ወላጆች ግን አወሩ። እሳቸውም ተዉት።»

ዞሬ የኮምፒውተሩን ክዳን መፍታት ጀመርኩ።

ሥራዬን ስጨርስ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ድንቃ ናቸው።

«ኢንጂነር! አካም ጂርታ!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «መጣ ሲሉኝ ጊዜ ነው የመጣሁት። ና፣ ብርድ ነው፤ ሻይ ጠጣ።»

መምህራን ክፍል ወስደው ሻይና የተቀቀለ ድንች አቀረቡልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ከዚያ ተነሥተው አንዱን ሰሌዳ አመጡ፤ በክንዳቸው አቧራውን ጠረጉና ጠጠሮቹን ይደረድሩ ጀመር። ሦስተኛው ጠጠር ላይ የትኛው ቦታ እንደሆነ አወቅሁ።

ግንቡን አንሥተው ሠዉት። «ጥቁር አንተ ነህ» አሉኝ። «እስቲ አስብ።»

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። እንደሚያስብ ሰው አደረግኩ። ግንባሬን ቋጠርኩ፤ ግንቡን ልበላ መስዬ እጄን ሰድጄ መለስኩ፤ ሻይ ፉት አልኩ። አምስት ደቂቃ ያህል ከተወንኩ በኋላ ንጉሡን አንሥቼ ጥግ አስገባሁት።

«ጎበዝ» አሉኝ ኦቦ ድንቃ። «ማሽኑን እንኳ አርባ ሁለት ደቂቃ ነበር የፈጀበት።»

ያን ቁጥር በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከኮታቸው ኪስ ደብተሩን አወጡ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ገለጡት። ያቺ ወረቀት ለሁለት ታጥፋ ቁጭ ብላለች። ሦስቱ ዓምዶች፤ ከታች በራሴ እጅ፣ የተሠመረበት፣ «ሰውዬው አልዋሹም»። ያን ቀን ደብተሩን ስዘጋ ውስጡ ትቻት ነበር።

«መቼ አገኟት?» አልኩ። ድምፄ ያኔ ተንቀጠቀጠ።

«አውቶቡስ ላይ። ገና አምቦን ሳንወጣ።»

«ለምን ወርደው አላሳዩአቸውም? ጊዜ ነበር እኮ! ዙሩ አልተጀመረም ነበር!»

«የአውቶቡሱን በር አይ ነበር» አሉኝ። «ሮጠህ የምትመጣ መስሎኝ። አላየሁትም ስትለኝ ደንግጠህ ነው፣ ትመለሳለህ ብዬ። ከዚያ አውቶቡሱ ሄደ። ከዚያም በደብዳቤ ይመጣል አልኩ። እንግዲህ ሰባት ወር።»

ቁጣ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ ትልቅ ሰው መምህራን ክፍል ውስጥ ድንች ላይ ሲያለቅስ ማየት ምንም አያምርም። ይቅርታ አልኩ፤ ደጋገምኩት። እሳቸውም ሻዬን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣

«እኔማ አልዋሸሁም፤ ስለዚህ ለኔ መንገር ምን ያደርጋል? ለነዚያ አዳራሹ ውስጥ ለነበሩት ንገራቸው» አሉኝ።

«ወረቀቷን ይስጡኝ። በሚቀጥለው ውድድር ላንብባት።»

ደብተሩን ዘጉት። «እቺ የኔ ናት። ደብተሬ ውስጥ ነው የተገኘችው። አንተ በአፍህ ንገራቸው።»

በሚቀጥለው ኅዳር ማይኩን ወሰድኩ። የፈተሽኳቸውን፣ የሳቅንባቸውን፣ ማሽኖቹ ያሉትን፣ ማየቴን፣ አላየሁም ማለቴን ተናገርኩ። የሳቀ ሰው የለም፤ ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። በቀለ ለአንድ ዓመት አላናገረኝም፤ ቦታው የሱ እንዳልነበረ ያወቀው ያን ቀን ነው። ወይዘሮ ጫልቱ ባጁን ከአንገቴ ላይ ራሷ አወለቀችው። የውድድሩ ኮሚቴ ደብዳቤ ጎጆ ደርሶ ክበቡ ተከፍቷል፤ ኦቦ ድንቃ ግን ክልል አልሄዱም። ጡረታ ወጥተዋል። ያን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም እጃችሁ ላይ ሁሉን የሚመልስ ማሽን ይኖራል፤ ዛሬ ከዚያን ጊዜው በብዙ የበረታ። እኔ ማሽን አትመኑ አልላችሁም። ማሽኖቹማ ሦስቱም የሚያውቁትን ነግረውኛል። አንድ ወንበር ስቤ ብቀመጥ እኚያ ሰው በአምስት ደቂቃ ያስረዱኝ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ማሽን ጠይቄ እሳቸውን አልጠየቅኩም። ያም ሆኖ የሚያሳፍረኝ ቅዳሜው አይደለም። ቅዳሜ ተሳስቼ ነው። እሑድ ግን አውቄ ነው።

አሁን ውድድር በደረሰ ቁጥር እደውልላቸዋለሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለዘሩት ገብስ እንጫወታለን። ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ሳልጠይቃቸው አልቀርም።

«ወረቀቷስ፣ ኦቦ?»

«አለች» ይሉኛል፤ «ገጽ አሥራ አንድ ላይ።»